በቅድሚያ የሚጠየቀው

በ1977 ዓ.ም. ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሰፈር ላይ ሰው በሌሊት ሲታመም የሚደወልበት ስልክ አልነበረም። ጩኸት ነበር። አንዲት እናት ከጎጆዋ ወጥታ «ኧረ የሰው ያለህ!» ስትል ጎረቤት ይቀበላታል፣ ቀጣዩ ሰፈር ከዚያ ይቀበላል፤ እንዲህ እየተቀባበለ ክሊኒኩ ድንኳን ይደርሳል። ከየት እንደተነሣ የሚጠይቅም አልነበረም። የኦም ሐጀሮቹ ሰፈር፣ የሑመራዎቹ ሰፈር፣ በዚያ ዓመት ድርቁ ያመጣቸው አዲሶቹ ሰፈር፤ ሁሉም በጆሮ ይታወቅ ነበር። ተከዜ ሑመራን አልፎ ሰቲት ከተባለ በኋላ ባለችው በዚያች የሱዳን ከተማ፣ መሬት እንጂ አድራሻ የሰጠን አልነበረም።

እኔ ያኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ማንበብ ስለምችልና ዐረብኛም ቶሎ ስለለመድኩ ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ሠራተኛ አደረጉኝ። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ በየድንኳኑ ገብቶ ማን እንደታመመ፣ ማን እህል እንዳልቀመሰ፣ ሌሊቱን ማን እንዳረፈ ጠይቆ ለክሊኒኩ መንገር። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ሕፃናትን ከፈጁት ዋነኛው ኩፍኝ ነበር። እናቶች ከነጮቹ ሐኪሞች ልጆቻቸውን ይደብቃሉ፤ እኛ አገላብጠን እናገኛቸዋለን። ዛሬ ሳስበው የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ እኛው ነበርን፤ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ጥሪው አይመጣም፣ እኛ ነበርን ጥሪውን ፍለጋ የምንዞረው።

ከባዱ ነገር ከክሊኒኩ በኋላ ያለው፣ በሽተኛውን ሆስፒታል ማድረስ ነበር። በበጋ ሎሪ ይገኛል። ክረምት ሲገባ ግን ያ ጥቁር መሬት ሎሪውንም የእርዳታ ሰጪዎቹን ላንድ ክሩዘርም ጎማው ድረስ ይውጣል። ያኔ የሚያልፈው ትራክተር ብቻ ነው። ማሽላና ሰሊጥ የሚያርሱ አንድ ሱዳናዊ ነበሩ፤ ሁላችንም «ዓም»፣ አጎት እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር በራቸውን እንቆረቁራለን። ጀለቢያቸውን እንኳን ሳያስተካክሉ ይወጡና «የት ነው?» ይላሉ። ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ሴትየዋ በጠፍር አልጋዋ እንደተኛች ተሳቢው ላይ ትጫናለች፣ ወንዶች አልጋውን ግራና ቀኝ ይይዛሉ።

ያን ዘመን አላቆላምጠውም። ትራክተር በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙ አይፈጥንም። ከተጫኑት ውስጥ ሳይደርሱ የቀሩ ነበሩ።

አሁን የምኖረው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ አማርኛና የሱዳን ዐረብኛ። ዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ መንግሥታዊ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እኛ ሐበሾች በብዛታችን ያገኘነው ማዕረግ። ከምተረጉማቸው ጥሪዎች አንዳንዱ የ911 ነው። (የሰው ጉዳይ እንዳላወጣ ግዴታ ስላለብኝ የምነግራችሁ ብዙውን አንድ ላይ ቀላቅዬ ነው።)

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «አደጋው የት ነው?» የሚል ነው። ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ መኪና ወደ አንድ ቦታ መላክ ስለሚቻል። የእኛ እናቶች ግን የሚመልሱት «ከሐበሻው ሱቅ ከፍ ብሎ፣ ነጭ መኪና የቆመበት» ብለው ነው። የእጅ ስልክ ያሉበትን አካባቢ ለማዕከሉ ያሳያል፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ስንተኛው ላይ እንደሆኑ ግን አስተማማኝ መረጃ አይሰጥም። ሁለተኛው ችግር ቁጣ ነው። «መኪናውን ላኪልኝ እንጂ ምን ታስለፈልፊኛለሽ!» ይላሉ። ጥሪ ተቀባይዋ የሚነግሯትን ስትጽፍ ስምሪት ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ስክሪኑ ላይ እያነበበ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ አምቡላንሱ ወጥቷል። ይህን የሚያስረዳቸው የለም። እኔ ደግሞ አልችልም፤ የአስተርጓሚ ሕግ አለ። የተባለውን ብቻ፣ እንደተባለው፣ ሳልጨምር፣ ሳላለሳልስ። ስድቡም ይተረጎማል።

ልቡ የቆመ ሰው ሲኖር ጥሪ ተቀባይዋ ደረት እንዲጫኑ ትነግራቸዋለች፤ እኔም «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያልኩ አብሬ እቆጥራለሁ። በሩ ሲንኳኳ፣ የእንግሊዝኛ ድምፅ ሲገባ መስመሩ ይዘጋል። ዳነ አልዳነ አይነገረኝም። ወድ ኤል ሒለው ላይ ሲነጋ ይታወቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ባይታወቅ ይሻል ነበር።

አገር ቤትም ቁጥር አልጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ለእሳት 939፣ ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለጠብታ አምቡላንስ 8035። የደነገጠ ሰው መጀመሪያ መምረጥ አለበት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሱዳን ውስጥ ወጣቶች «የአደጋ ጊዜ ክፍሎች» የሚባሉ አቋቁመው፣ መንግሥት በሌለበት ምግብና መድኃኒት ማዳረስ ያዙ። ከሸሹት የተወሰኑት በገዳሪፍ አድርገው መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ በተባሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። ያ አካባቢ ራሱ ሰላም አልነበረውም። የታጠቁ ሰዎች እየመጡ ይዘርፏቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት መጠለያዎቹን ለቀው በእግር ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ያደሩት ጫካ ውስጥ ነው።

የት እንዳሉ የማያውቅ አልነበረም። ቦታው በዓለም ዜና ሁሉ ተነግሯል።

በእነዚያ ሳምንታት የዓም የልጅ ልጅ ከገዳሪፍ ደወለልኝ። ዘመዱ ጫካ ካደሩት መካከል ነው፣ አንዲት ሴት ታማባቸዋለች፣ አማርኛ የሚችል የለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ቁጥር ፈልጌ አገኘሁ፤ ሦስታችንን በአንድ መስመር አገናኘሁ። ያነሣው ሰውዬ ጨዋ ነው። ቦታውን ሲሰማ ዝም አለና መንገዱ እንደሚያሰጋ፣ መኪናም እንደሌለ፣ ጠዋት እንድንደውል ነገረኝ።

ልጁ በዐረብኛ «ምን አለ?» አለኝ። የምከፈልበት ጥሪ አልነበረም፤ ሕጉም አይመለከተኝም ነበር። «ጠዋት ደውሉ ብሏል» አልኩት።