ስልኩን ወደ መስኮቱ

ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ ስሄድ የታክሲው ሾፌር የጥላሁን ገሠሠን «የጃፓኗን ወድጄ» ከፈተ። መድረሳ ያደግኩ ነኝና ስለ ዘፈን ስጽፍ ኡስታዜ አፉ ይበሉኝ።

ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ዘማቾች ኮሪያ ሄደው ከ120 በላይ ሞተዋል። ሰው የወደደው ግን በፈቃድ ጃፓን ወጥቶ ልቡ ስለቀረበት ወታደር የተዘፈነውን ጨዋታ ነው። ታክሲው ውስጥም ሁሉም ፈገግ አለ።

እኔ ወንድሜን አሰብኩ። እሱም ወታደር ነው። በደወለ ቁጥር በሽሮው መቅጠን ይቀልዳል፤ እኛ እንስቃለን። እናታችን ግን «ከስተሃል?» ብቻ ነው የምትለው። ባለፈው ሳምንት ቀልዱን ጨርሶ ዝም አለና፣ «እማ፣ መግሪብ ደርሷል አይደል? እስቲ ስልኩን ወደ መስኮቱ ያዢልኝ፣ የሰፈራችንን አዛን ልስማ» አላት።

አዛኑ እስኪያልቅ ክንዷን ዘርግታ ቆመች።