ኢም፦ የሙታን ስም በየደጁ የተጻፈባት መንደር

በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሻየር አውራጃ፣ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ኮረብታማ ምድር አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ስሟ በፈረንጆቹ ፊደል ተጽፎ ሲታይ እንዴት እንደሚነበብ ለመገመት ያስቸግራል፤ የአገሩ ሰዎች ግን በአጭሩ «ኢም» ይሏታል። ከሼፊልድ ከተማ ተነስቶ በአውቶቡስ መድረስ ይቻላል። ቤቶቿ በድንጋይ የተሠሩ፣ አጥሮቿ አበባ የከበባቸው፣ ጸጥ ያለች መንደር ናት። ወደ ቤቶቹ ጠጋ ሲሉ ግን በየደጁ የቆሙ ሰሌዳዎች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ላይ በዚያ ቤት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ስምና የሞቱበት ቀን ተዘርዝሯል። በአንዱ ሰሌዳ ላይ የአባት ስም፣ ከዚያ የልጅ፣ ከዚያ የሌላ ልጅ፣ እያለ ይወርዳል። ቀኖቹ በጣም የተቀራረቡ ናቸው።

እኛም ዘር መቁጠር እናውቃለን። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉን። ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ግን ለጋብቻ ወይም ለርስት ሲሆን ነው። የኢም ሰዎች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከአንድ መከራ ተነስተው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በመንደሩና በአካባቢው ዘራችን ከዚያ ቸነፈር ከተረፉት ነው የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ማርጋሬት ብላክዌል ስለምትባል ልጅ የሚተርኩት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በጠና ታማ ሳለች፣ ጥም ሲያቃጥላት ወተት መስሏት የቀለጠ የአሳማ ስብ ጠጣች፤ አስታወከችና ዳነች ይላሉ። ሐኪም ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ አይጥልም።

ነገሩ የጀመረው በ1665 በጋ መጨረሻ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ለንደንን ታላቅ ቸነፈር ይፈጃት ነበር። ወደ ኢም ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ከለንደን ጨርቅ ተላከ። ጨርቁ እርጥበት ስለነበረው ጆርጅ ቪካርስ የሚባል ሠራተኛ እንዲደርቅ እሳት አጠገብ ሰቀለው። በጨርቁ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉ ቁንጫዎች ነበሩ ተብሎ ይታመናል። ቪካርስ ሴፕቴምበር 7 ቀን ተቀበረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዚያው ቤት ልጅ ተከተለው። ክረምቱ ሲገባ ሞቱ ቀዝቀዝ ቢልም በ1666 ሙቀቱ ሲመለስ እንደ ሰደድ እሳት ተነሣ።

በመንደሩ ሁለት አገልጋዮች ነበሩ፤ ለእኛ ለወንጌላውያን የሚጠቅመው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንደኛው ቶማስ ስታንሊ ነው። ቀደም ሲል የመንደሩ መጋቢ የነበረ ፒዩሪታን ሰው ሲሆን፣ በ1662 መንግሥት ሁሉም አገልጋዮች በአንድ የጸሎት መጽሐፍና ሥርዓት እንዲገዙ ሕግ ባወጣ ጊዜ አልቀበልም ካሉት ጋር አገልግሎቱን አጣ። በዚያ ሕግ ምክንያት በመላ አገሪቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ አገልጋዮች ከሥራቸው ተባርረዋል። ሁለተኛው በ1664 በቦታው የመጣው ወጣቱ ዊልያም ሞምፐሰን ነው። ሕዝቡ ልቡ ከቀድሞው መጋቢ ጋር ስለነበረ አዲሱን በሙሉ ልብ አልተቀበለውም። በየቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ሲለወጥ የሚሆነውን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ሞምፐሰን ለብቻው ሕዝቡን ማሳመን እንደማይችል ስለተረዳ ወደ ስታንሊ ሄደ። በሕግ የተባረረው ሰውና በእርሱ ቦታ የተሾመው ሰው አብረው ተቀምጠው መከሩ፤ በጁን 1666 ምእመናኑን ሰብስበው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሙት በራሱ እርሻ ወይም ጓሮ ይቀብራል። ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል፤ ጉባኤውም ኩክሌት ዴልፍ በሚባል ሸለቆ፣ በገላጣ ቦታ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ ቆሞ ይካሄዳል። ሦስተኛውና ከባዱ ደግሞ ከመንደሩ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም የሚል ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ የኢም ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ በድጋሚ የተነሣው ለዚህ ነበር።

ምግብ ከውጭ ይመጣላቸው ነበር። የቻትስወርዝ ባለቤት የነበሩት የዴቮንሻየር ኧርል እህልና የሚያስፈልገውን ይልኩ ነበር፤ ጎረቤቶችም ወሰን ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ወደ ስቶኒ ሚድልተን መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ዛሬም የወሰኑ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ጉድጓዶች ተቦርቡረውበታል። በሽተኛው መንደር የሚከፍለውን ሳንቲም ኮምጣጤ በተሞላበት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያኖር ነበር። የጉድጓዶቹ ከንፈር ስንትና ስንት ጎብኚ ጣቱን ሲያስገባበት ኖሮ ልሟል።

ስለ ሞምፐሰን ሚስት ስለ ካትሪን ግን ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሁለቱም ሃያዎቹን ዓመታት ገና ያልጨረሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ጆርጅና ኤልሳቤጥ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯቸው። የመንደሩ ትውፊት እንደሚለው ካትሪን ባሏን ልጆቹን ይዘን እንሂድ ብላ ለምናዋለች። እርሱ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አላት፤ ይልቅስ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ አላት። እርስዋም አንተን ጥዬ አልሄድም አለች። በመጨረሻ ልጆቹ ወደ ዮርክሻየር ወደ ዘመድ ተላኩ፤ ባልና ሚስት ቀሩ። በዚያ ክርክር ውስጥ ትክክሉ ማን ነበር ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። እናት የሆነች ሴት የካትሪንን ልመና እንደ እምነት ማነስ ብትቆጥረው አዝናለሁ።

ካትሪን በሽተኞችን ስትጠይቅና ስትረዳ ቆይታ ኦገስት 25 ቀን 1666 አረፈች። በእርስዋ እጅ የተጻፈ ቃል አልደረሰንም፤ የምናውቃት በባሏ ብዕር ነው። ከሞተች ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞምፐሰን ለልጆቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም ተጠብቆ ቆይቷል። ስለ እናታቸው ጸሎት፣ ስለ ትሕትናዋ፣ ቤቷን ሳታባክን ስለ መያዝዋ፣ ለድሆች ስለ መስጠትዋ ይነግራቸዋል። ከዚያ አንድ ነገር ይጨምራል። በመጨረሻው ሕመምዋ መድኃኒት ውሰጂ ሲላት አልችልም አለችው። ስለ ልጆችሽ ብለሽ ሞክሪ ሲላት፣ የልጆቿን ስም በሰማች ጊዜ እንደ ምንም ራሷን ቀና አድርጋ ወሰደችው። አቅም እስካላት ድረስ ፍቅሯን ልታሳያችሁ እንደምትፈልግ እንድረዳ ነው ያደረገችው ይላቸዋል። ይህን ደብዳቤ ያነበቡት ልጆች እናታቸውን ከሸኘቻቸው ጊዜ ወዲህ አላዩአትም።

መቃብሯ በቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከሆነው የድንጋይ መስቀል አጠገብ ነው። ሌሎቹ በየእርሻው ሲቀበሩ እርስዋ በግቢው ውስጥ ተቀበረች። በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ እሑድ መንደሩ ሙታኑን በጉባኤ ያስባል።

በኖቬምበር ሞቱ ሲያቆም ሞምፐሰን በጻፈው ሌላ ደብዳቤ በ76 ቤተሰቦች ውስጥ 259 ሰዎች መሞታቸውን ይቆጥራል። ይህ ከመንደሩ ምን ያህሉ ነው ለሚለው የቀድሞ ጸሐፊዎች የነዋሪው ቁጥር 350 ነበር ይሉ ነበር፤ የኋላ ተመራማሪዎች ግን የግብርና የቤተ ክርስቲያን መዝገቦችን አይተው ከዚያ እጥፍ ገደማ ያደርሱታል። ሀብታሞቹ ቀድመው ሸሽተው እንደነበረም ይነገራል። በትውፊት የተሰማው ሁሉ እንዳለ አይወሰድም፤ ብዙው ታሪክ የተጻፈው ዊልያም ውድ የተባለ የአገሩ ሰው በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ ነውና፣ በመካከሉ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ የምድጃ ዳር ወሬ አለ። የሰሌዳዎቹ ስሞች ግን ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የመጡ ናቸው።

ስታንሊ ከቸነፈሩ በኋላ ምን ገጠመው? የተባረረ አገልጋይ ስለሆነ ከመንደሩ ይውጣ ያሉ ሰዎች ተነሡ። አብሮ የቀበራቸውን ሕዝብ ትቶ ይሂድ አሉ! የዴቮንሻየር ኧርል ግን ይህ ሰው ሊባረር ሳይሆን ሊመሰገን ይገባዋል ብለው ተከላከሉለት። በ1670 በዚያው በኢም ሞተ። ሞምፐሰን ደግሞ ኢክሪንግ ወደሚባል መንደር ሲዛወር ሰዎቹ በሽታ ይዞ መጥቷል ብለው ስለፈሩት፣ ለጊዜው ከመንደሩ ውጪ በጎጆ እየኖረ በዛፍ ጥላ ሥር ሰበከላቸው። ሌላ ሚስት አገባ፤ በ1709 አረፈ።

ከኢም ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ፣ በክብ የድንጋይ አጥር ውስጥ፣ የሪሊ መቃብሮች የሚባሉ አሉ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በኦገስት 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ የቀበረችበት ቦታ ነው። ማንም ሊረዳት አልቻለም። በማዶ ያሉት የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከሩቅ ሆነው ስትቆፍር ያዩአት ነበር ይባላል። እርስዋ ራሷ አልታመመችም። አንድ ልጇ ግን በሼፊልድ ከተማ ሙያ ሊማር ሄዶ ስለነበር ተርፏል፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቤቷን ዘግታ ወደ እርሱ ሄደች ይላሉ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሼፊልድ ብር የተለበጠ ዕቃ በመሥራት ስሙ የገነነው ጆሴፍ ሃንኮክ ከዚያ ልጅ ዘር ነው ብለው የመንደሩ ሰዎች ይቆጥራሉ።