የገንዳው ውሃና የልጅ ልጄ ሒሳብ

«ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በከፍታ» የሚለውን ቀመር ያልሸመደደ ተማሪ የለም። ችግሩ የሚመጣው ከሸመደዱት በኋላ ነው። ልጆቻችን ቁጥሮቹን ያባዛሉ እንጂ ያገኙት መልስ ምን ያህል እንደሆነ በዓይናቸው አይታያቸውም። እኔም ይዘት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ በትምህርት ቤት ሳይሆን በሥራ ላይ ነው።

በነርስነት ዲፕሎማ ይዤ በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ በተለይ ተቅማጥ በሚበዛበት ክረምት፣ የመጠጥ ውሃን በክሎሪን ማከም አንዱ ሥራችን ነበር። ውሃው የሚጠራቀመው ባለ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ከውስጥ ሲለካ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ነበር። ሦስቱ ሲባዙ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ገንዳው ሲሞላ 6,000 ሊትር ይይዛል።

ነገር ግን ክሎሪኑ የሚጨመረው ለውሃው እንጂ ለገንዳው አይደለም። ንጹሕ ዘንግ ሰድደን የረጠበውን ስንለካ ውሃው 1.2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ያለን 2 × 1.5 × 1.2 = 3.6 ሜትር ኩብ ነው፤ 3,600 ሊትር ማለት ነው። ለአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢታሰብ 7.2 ግራም ይመጣል። ዱቄቱ 70 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ 10 ግራም ያህል ይበቃል። ገንዳው ሙሉ እንደሆነ ቢታሰብ ግን 17 ግራም ገደማ ይጨመር ነበር። ክሎሪን ሲበዛ ሽታው ሰዉን ወደ ወንዝ ውሃ ይመልሰዋል፤ ሲያንስ ጀርሙ አይሞትም። በሁለቱም በኩል ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃን ነው።

ስድስተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ በቅርቡ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ይዘቱ 3 ሜትር ኩብ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ገንዳ ከፍታው ስንት ነው? «እማማ፣ የሚባዛው ሦስተኛው ቁጥር የለም እኮ!» አለችኝ።

ባዶ የጫማ ካርቶን አመጣሁና የክብሪት ቀፎዎችን ከሥሩ ደረደርን። አንዱ ንብርብር 12 ያዘ። «ካርቶኑ በጠቅላላው 60 ቢይዝ ስንት ንብርብር ይሆናል?» አልኳት። «አምስት» አለች ሳትዘገይ። «እንዴት አወቅሽ?» ስላት፣ «60ን ለ12 አካፈልኩ» አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ አላስፈለግኋትም። 2 በ1 አባዝታ የወለሉን ስፋት 2 ሜትር ካሬ አገኘች፤ 3ን ለ2 አካፍላ 1.5 ሜትር ብላ ጻፈች። ቀጥላም 3,000 ሊትሩ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት እንደሚሞላ ራሷ አስባ 150 አለችኝ።

ወላጆችና አያቶች፣ ቀመሩን ብንረሳው አያሳፍርም። ሜትር፣ ካርቶንና ጀሪካን በየቤታችን አሉ። ልጁ ራሱ ይለካ፤ ከውስጥ እንዲለካ፣ ሜትርና ሴንቲ ሜትር እንዳይቀላቅል ብቻ እናስታውሰው። ከማባዛቱ በፊትም «ስንት ጀሪካን ይመስልሃል?» ብለን እንጠይቀው። ግምቱና ስሌቱ በጣም ከተራራቁ የቱ ጋ እንደሳተ ራሱ ይፈልጋል። ነገ የሰው መድኃኒት የሚለካው ይህ እጅ ሊሆን ይችላል።