ከፊት የሚሄድ፣ ከጎን የሚሮጥ

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስፖርት ነው፤ ስለ ኳስ ግን አይደለም። ከበረዶ ተራራ ቁልቁል ስለሚወርዱ ዓይነ ስውራን ነው። ይኼ ደግሞ ይሆናል እንዴ የምትሉ ካላችሁ፣ ይሆናል። በቁልቁለቱ ውድድር ፍጥነታቸው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዓይኑ የሚያይ መሪ ከፊት ይንሸራተታል፤ ዓይነ ስውሩ ወይም ዓይኑ የደከመው ከኋላ ይከተላል። ሁለቱም በራስ ቁራቸው ውስጥ ማዳመጫና መናገሪያ አላቸው። መሪው መንገዱን ሁሉ “ግራ፣ ቀኝ፣ አሁን ታጠፊ” እያለ ይናገራል፤ ተከታይዋም መልሳ ትናገራለች። ለአንድ አፍታ ድምፁ ቢቋረጥ አደጋ ነው።

በ2022 በቤጂንጉ የክረምት ፓራሊምፒክ አይግነር የሚባሉ ኦስትሪያውያን ቤተሰብ ነበሩ። ቬሮኒካ፣ ባርባራና ዮሐንስ የሚባሉት ሦስቱ እኅትና ወንድም ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ሦስቱም ሜዳሊያ ወሰዱ። ቬሮኒካ ሁለት ወርቅ ያገኘችው በገዛ እኅቷ በኤልሳቤት ድምፅ እየተመራች ነው። አስቡት እንግዲህ፣ የእናት ልጅ ከፊት እየሄደች “ተከተይኝ” ስትል!

በዚያው ውድድር እስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ፓራሊምፒክ ተካፍላለች። ተወዳዳሪዋ ሼይና ቫስፒ ዓይኗ ጤነኛ ነው፤ በልጅነቷ በመኪና አደጋ የተጎዳው እግሯ ነው። ሃይማኖቷን የምትጠብቅ ልጅ ስለሆነች በሱሪዋ ላይ ቀሚስ ደርባ ነው በበረዶ ላይ የወረደችው።

እኛ የደጋ ሰዎች ብርዱን እንጂ በረዶውን አናውቀውም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ላይ ሲወዳደር ብዙዎቻችን ተደንቀን ነበር። የእኛ ነገር ሩጫ ነው። ዓይነ ስውሮቻችንም ያኮሩን በሩጫ ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሊምፒክ የተካፈለችው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚሁ አጠገባችን፣ በ1968 በቴል አቪቭ በተደረገው ነው። የመጀመሪያው ወርቅ ግን ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ዓይኗ ደካማ የሆነው ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር አሸንፋ አመጣችው። በ2024 በፓሪስም ደገመችው። የእርሷ ምድብ ጥቂት ማየት ለሚችሉት ስለሆነ ያለ መሪ ነው የምትሮጠው።

በፓሪስ ያየሽ ጌቴም ነበረች። በእርሷ ምድብ ሁሉም ዓይናቸውን ሸፍነው ይሮጣሉ። መሪዋ ክንዱ ሲሳይ ከጎኗ ይሮጣል፤ ሁለቱ አንዲት አጭር ገመድ ይዘዋል። 1500 ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ከ68 ጨርሳ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቁን ወሰደች። በዚህ ውድድር ሕጉ ጥብቅ ነው። መሪው መጎተት አይችልም፤ መግፋት አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከምትመራው ሯጭ ቀድሞ መስመሩን ማለፍ አይችልም። ካለፈ ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ገመዱም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በዚያው በፓሪስ ኤሌና ኮንጎስት የምትባል ስፔናዊት ማራቶን ልትጨርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት፣ መሪዋ ጡንቻው ተሸማቆ ሊወድቅ ሆነ። እርሷ ገመዱን ለቅቃ ደገፈችው። ሦስተኛ ብትገባም ገመዱን ለቀሻል ተብላ ያን ጊዜ የነሐስ ሜዳሊያው ቀረባት። መሪዋን በመርዳቷ!

ይኼን ሁሉ የማወራው በምክንያት ነው። እናቴን ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ይዟታል። መጀመሪያ የጎኑ እይታ ጠፋ፤ ሰው በጎን ሲመጣ አታይም ነበር። አሁን በቀጥታ ያለውም ደብዝዟል። ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ተወች። “ሰው ምን ይለኛል፣ ልጇ እየጎተተቻት ይበሉኝ?” ትላለች። ሰርግም ለቅሶም ቀረ። ዓይኗ ከጠፋው ይልቅ ይኼ ነው ያሳዘነኝ።

አንድ ቀን የያየሽን ውድድር በስልኬ ከፍቼ እያንዳንዷን ዙር ነገርኳት። ጸጥ ብላ ሰማችና፣

“ልጁ ይጎትታታል?” አለችኝ።

“አይጎትታትም እማዬ፤ ክልክል ነው።”

“ቀድሟት ቢገባስ?”

“ይሰረዛሉ።”

ጥቂት ዝም አለችና “ይኼማ ደግ ሕግ ነው” አለች። በማግስቱ ባሕሩ ዳር ካለው መናፈሻ ወሰድኳት። እኔ እጇን አልያዝኩም፤ እርሷ ናት ክርኔን የያዘችው። ደረጃ ሲመጣ “ሦስት ደረጃ ወደ ታች” እላለሁ፤ እርምጃው የእርሷ ነው። የምታውቃቸው ሴቶች ሲያገኙን ሰላምታውን እርሷ ትመልሳለች፤ እኔ ዝም።

በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ስንመጣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቋንቋውን ቶሎ የለመድነው ልጆች ነበርን። በመርካዝ ክሊታ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በባንክ፣ ወላጆቻችንን ከፊት ሆነን መራን። እንደ በረዶው ውድድር ማለት ነው፤ እኛ ከፊት፣ እነርሱ ድምፃችንን ተከትለው። ያን ጊዜ ግድ ነበር። ነገር ግን ከፊት መሄድ የለመደ ሰው ከጎን መሮጥ ይከብደዋል። ሐኪሙ እናቴን ሲጠይቃት እኔ መልስ ለመስጠት አፌ ይቸኩላል። አሁን ሐኪሙ “እናትሽ እንዴት ናት?” ሲለኝ “እርሷን ጠይቃት፣ እኔ አስተረጉማለሁ” እላለሁ።

ወገኖቼ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ቤታችሁ ካለ አትደብቁት። ልጅ ከሆነ ይሩጥ፤ አዛውንት ከሆኑ ይውጡ። ኦሪት በዓይነ ስውር መንገድ ማሰናከያ ማኖርን ትከለክላለች፤ ማፈርም አንዱ ማሰናከያ ነው። ግላኮማ ያጠፋውን እይታ መመለስ አይቻልም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን የቀረውን በመድኃኒት ማቆየት ይቻላል። በዘር ስለሚሄድም እኔና እኅቶቼ ተመርምረናል፤ እናንተም ተመርመሩ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ትራኮማን አትናቁት፤ የልጆችን ፊት ማጠብ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው።

እናቴ ለሚቀጥለው ሲግድ ኢየሩሳሌም እወጣለሁ ብላለች። ክርኔ ዝግጁ ነው።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሰላም ያገናኘን። ደህና ሁኑልኝ።