የአንዲት ያገለገለች ካርድ ሐረገ ትውልድ

ለጋብቻ ሲሆን አያት ቅድመ አያቱን ጠርቶ እስከ ሰባት ቤት ካልቆጠረ በቀር ልጁን የማይድር ሕዝብ፣ ያገለገለ ዕቃ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ግን የዕቃውን ትውልድ ለመጠየቅ ቅንጣት ጊዜ ሳያባክን በቀጥታ ወደ ዋጋ ክርክር መግባቱ ዘወትር ያስደንቀኛል። ስለዚህም የእኅቴ ልጅ፣ በኮምፒዩተሩ ጌም ለመጫወት «ግራፊክስ ካርድ» የሚባለው ዕቃ እንደሚያስፈልገው፣ የአዲሱ ዋጋ የማይቀመስ ስለ ሆነም ያገለገለ ብገዛለት ቅር እንደማይለው በትሕትና ባስረዳኝ ጊዜ፣ እሺም እንቢም ሳልል፣ ካርዲቱ በቅድሚያ ሰባት ቤት ይቆጠርላት አልኩት። «ጋሼ፣ ዕቃ እኮ ናት! ምን ዘር አላት?» ብሎ ሳቀ። ዘር ያለው ሰውና ከብት ብቻ መስሎት ነበር።

የዚህ ቤት ቀዳማዊ አባት ሊባል የሚገባው ሥዕል ነው። በ1963 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ፣ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ለዶክተርነት የሚማር ወጣት፣ የብርሃን ብዕር ይዞ በኮምፒዩተር መስታወት ላይ መስመር እየሳበ፣ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በቁጥርና በፊደል ይናገር የነበረውን መሣሪያ በሥዕል አናገረው፤ ሥራውንም «ስኬችፓድ» አለው። ጨዋታው ከሥዕሉ ይቀድማል የሚል ተከራካሪ ቢነሣም ማስረጃ አያጣም፤ እዚያው ትምህርት ቤት በ1962 ጥቂት ወጣቶች «ስፔስዋር» የሚሉትን፣ ሁለት የጠፈር መርከቦች በከዋክብት መካከል የሚዋጉበትን ጨዋታ ሠርተው፣ ለምርምር የመጣውን ውድ ኮምፒዩተር ያደክሙበት ነበርና። ታላላቆች ለቁም ነገር ያቆሙትን መሣሪያ ልጆች ለጨዋታ መንጠቃቸው እንግዲህ የቆየ ግብር ነው።

ከዚያ ሐረጉ ወደ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ የተሰበሰቡት ሊቃውንት፣ ፈረንሳዊው አንሪ ጉሮ፣ በትውልዱ ቬትናማዊ የሆነው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ፣ አሜሪካዊው ኤድ ካትሙል፣ እንግሊዛዊው ማርቲን ኒውወል፣ ብርሃን በክብ ገላ ላይ ባረፈ ጊዜ በየት በኩል እንደሚደምቅና በየት በኩል እንደሚደበዝዝ፣ አንዱ ነገር ሌላውን በከለለ ጊዜም የትኛው መታየት እንደሚገባው በሒሳብ ደነገጉ። ኒውወል በ1975 ለመሞከሪያ የመረጠው ዕቃ የቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበረ፤ ያም ማንቆርቆሪያ ዛሬ በካሊፎርኒያ በኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በክብር ተቀምጦ ይጎበኛል። ነገሩ ከእኛ አገር የተነሣ ቢሆን ኖሮ ጀበና በሆነ ነበር፤ ጀበናም በአንገቷ ቅጥነትና በሆዷ ክብነት ሊቃውንቱን ይበልጥ ባስቸገረቻቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ሒሳብ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ተራ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ጨዋታው ሳይንቀጠቀጥ እንዲታይም የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ሊሰላ ይገባል፤ ሥራው የሚከብደው በጥልቀቱ ሳይሆን በብዛቱ ነውና፣ ብዙ ትንንሽ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሌላ አካል መፈጠሩ ግድ ሆነ። በ1996 ስሪ ዲ ኤፍ ኤክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ «ቩዱ» የምትባለውን ካርድ አወጣ፤ እርሷም የጨዋታውን ሥዕል ብቻ ስለምትሠራ፣ ተራውን ጽሑፍ የምታሳይ ሌላ ካርድ ከጎኗ ካልኖረች ብቻዋን አትቆምም ነበር። በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ ደግሞ በ1999 «ጂፎርስ 256» የተባለችውን አውጥቶ የዓለም የመጀመሪያዋ ጂፒዩ (የሥዕል ፕሮሰሰር) ናት ሲል አወጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻም የተቀናቃኙን የስሪ ዲ ኤፍ ኤክስን ንብረት ለመግዛት ተዋዋለ። በሌላው ወገን በ1985 በካናዳ የተመሠረተው ኤ ቲ አይ «ሬዲዮን» የሚባለውን ነገድ ካፈራ በኋላ በ2006 ከነልጆቹ በኤ ኤም ዲ እጅ ገባ። በገበያችን የሚዞሩት የጌም ካርዶች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ነገዶች የአንዱ ልጆች ናቸው።

እስከዚህ ያለው ሐረግ የተከበረ ነው፤ ነውሩ የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው። ብዙ ስሌትን በአንድነት የመሥራት የካርዷ ጸጋ ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለፍቅረ ንዋይም የሚመች ሆኖ ተገኘና፣ ኢተሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በ2015 ከተወለደ በኋላ፣ ሰዎች ካርዶችን በመደርደሪያ ላይ ስድስትም ስምንትም እያሰለፉ ቀንና ሌሊት ሒሳብ ያስቆጥሯቸው ጀመር፤ ይህንንም ግብር ማይኒንግ ይሉታል። በ2017፣ ይልቁንም በ2021፣ ካርድ ከየሱቁ ጠፋ፤ የተገኘውም ፋብሪካው ከተመነለት ዋጋ እጥፍ ይጠየቅበት ነበር። ከዚያም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ አደይ እንኳ ገና ሳይጠወልግ፣ ኢተሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው ሆነ፤ ለዓመታት እንቅልፍ ያላዩ እልፍ አእላፍ ካርዶችም በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። ሥራ የፈታች ካርድ ደግሞ አትመነኩስም፤ ተወልውላ ገበያ ትወጣለች እንጂ። በርካሹ የውኃ ኀይላችን ተስበው ወደ አገራችን የመጡት ማይነሮች ግን በዚህ ኃጢአት የሉበትም፤ የእነርሱ መሣሪያ ለቢትኮይን ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ቢያረጅም ለጌም አይውልም።

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ያየናት ካርድ «አር ኤክስ 580፣ ባለ 8 ጊጋባይት» የሚል ማዕረግ ነበራት። ነጋዴው፣ ንግግሩ የሚጥም ወጣት፣ ከፌስታል አውጥቶ አቀበለኝና «ፋዘር፣ ይቺ ንጹሕ ናት፤ ከዱባይ ነው የመጣችው፤ አንድም ቀን ጌም አልተጫወቱባትም» አለኝ። በእውነቱ ከዚህ የበለጠ የሚያስጠረጥር ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። ለጌም የተፈጠረች ካርድ ጌም ሳታይ በድንግልና ከኖረች፣ ያን ሁሉ ዘመን በማን ቤት ምን ስትሠራ ኖረች? መነጽሬን አድርጌ ብሎኖቿን ተመለከትኩ፤ ከአራቱ በሦስቱ ራስ ላይ የመፍቻ ጭረት አለ፤ ቁጥሯ የተጻፈበት ወረቀት በግማሹ ተልጧል፤ አንደኛውን ማራገቢያ በጣቴ ገፋ ባደርገው እየተወዛወዘ ይዞራል። የአሉሚኒየም ክንፎቿ ግን ካልጠፋ ቦታ ያብረቀርቃሉ፤ በቅርቡ ታጥባለች።

የእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ትሰካልኝ አለ፤ ነጋዴውም ሳያቅማማ ሰካት። የካርድን ማንነት የሚያናዝዘው ጂፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም ተከፈተ፤ ልጁም ዝም ብሎ በጣቱ አንዲት መስመር አሳየኝ፤ 2048 ትላለች። ኤ ኤም ዲ በ2017 ያወጣት አር ኤክስ 580 የስሌት ክፍሎቿ 2304 ናቸው፤ 2048 የታናሽ እኅቷ የ570 ቁጥር ነው። ነገሩ ሲጣራ፣ በ2018 ለቻይና ገበያ በ580 ስም የወጣች ባለ 2048 ካርድ አለች፤ በእጃችን ያለችውም እርሷ ናት። እንግዲህ ነጋዴው ዋሸ ለማለት አልደፍርም፤ ስሙን ያወጡላት ወላጆቿ ናቸው፤ እርሱ ስሟን ጠርቶ የአባቷን ስም መዝለሉ ብቻ ነው። «ልዩነቱ ትንሽ ነው ፋዘር» አለኝ። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ በዋጋው ላይ ግን ትንሽነቱ ከቶ አልታየም።

ስለ ማይኒንግ ካርድ በየሰፈሩ የሚወራው ሁሉ ግን ወንጌል አይደለም፤ ፍርድ እንዳይጓደል ይህንንም መናገር ይገባል። ማይነር የሚያተርፈው ከመብራት ሒሳቡ የተረፈውን ስለ ሆነ፣ ብልህ የሆነው ቮልቴጇን ዝቅ አድርጎ በልክ ያሠራታል፤ ሙቀቷም ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ተጫዋች ግን ማታ ያግላታል፣ ሲተኛ ያጠፋታል፣ በማግሥቱ እንደገና ያግላታል፤ ይህ መጋልና መቀዝቀዝ መመላለሱ ነው ብየዳዋን ቀስ በቀስ የሚያደክመው። ስለዚህ ቺፗ ከማይኒንግ ቤት በደኅና ልትወጣ ትችላለች። የሚያልቁት ያለ ዕረፍት የዞሩት ማራገቢያዎች ናቸው፤ የሚደርቀው በቺፑና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ነው፤ ሁለቱም ብዙ ሳያስወጡ ይለወጣሉ። ከሁሉ የምትከፋው ሞታ የተነሣችው ናት። ብየዳዋ የላላ ካርድ በምድጃ ብትጋገር ለጊዜው ነፍስ ትዘራለች፤ በሱቅ ውስጥ ባዶ ዴስክቶፕ ስታሳይ ፍጹም ጤነኛ ትመስላለች፤ ከባድ ጌም ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በጋለች ጊዜ ግን በስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ መትፋት ትጀምራለች። ግማሽ ሰዓት እናሠራትና እንያት ብለን ብንለምን፣ ያ ንግግሩ የሚጥም ወጣት «መብራት ይቆጥርብኛል» አለ። ይህን ስሰማ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ታዲያ አዲሷን ግዛለት የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ የተለቀቀበትን ዕለት ያስታውስ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ካርድም በዶላር የምትገባ ስለ ሆነች ተከትላው ወጣች፤ የእኔ ጡረታ ግን ባለበት ቀረ።

ነገሩን የቈረጠው በመጨረሻ የሙሽራው ቤት ነው። የእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተር ከቢሮ በጨረታ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ፣ ለካርድ የሚሆን ኬብልም የሌለው ነው። አር ኤክስ 580 በተመደበላት ልክ 185 ዋት ትበላለች፤ ታናሿም ብትሆን ከዚህ እምብዛም የራቀች አይደለችም፤ ማዘርቦርዱ በራሱ ስሎት በኩል ሊያቀብላት የሚችለው ደግሞ 75 ዋት ብቻ ነው። እርሷን ለመመገብ ፓወር ሰፕላይ መለወጥ፣ ለፓወር ሰፕላዩም የሚስማማ ሌላ ኬዝ መፈለግ ሊመጣ ነው። በ2019 የወጣችው ጂ ቲ ኤክስ 1650 ግን በ75 ዋት የምታድር በመሆኗ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶቿ ተጨማሪ ኬብል አይሹም። ሌላም በጎነት አላት፤ ሜሞሪዋ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ኢተሪየም ለማውጣት በካርዱ ሜሞሪ ላይ የሚጫነው ፋይል እያደገ ሄዶ በ2020 መጨረሻ ከ4 ጊጋባይት ስላለፈ፣ ታላላቆቿ ሁሉ በ2021 ለዚያ ግብር ሲጋዙ እርሷ በትንሽነቷ ምክንያት ከፈተናው ተረፈች።

እንዲህ ያለችውን ያገኘነው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ላፕቶፕ ከዞረ አንድ የሠፈራችን ልጅ ዘንድ ነው። ካርቶኗና የተገዛችበት ደረሰኝ አብረው አሉ፤ ብሎኖቿ አልተነኩም፤ በክንፎቿ መካከል ያለው አቧራም ከነክብሩ ተቀምጧል። ሰባት ቤት ለመቁጠር ተዘጋጅቼ ሄጄ ሁለት ቤት ብቻ ሆነብኝ፤ ሱቁና እርሱ። ልጁ ሳንጠይቀው ጂ ቲ ኤ 5 ከፍቶ፣ እናቱ ቡና እስኪያፈሉ ድረስ ሁለቱ ሲጫወቱ፣ እኔ የማራገቢያውን ድምፅ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ፤ አልተንቀጫቀጨም፤ በስክሪኑም ላይ ነጠብጣብ አልታየም። በዋጋው ጥቂት ተከራክረን ተስማማን። ጂ ቲ ኤንና ፊፋን ያለ ችግር ታጫውታለች፤ ለአዳዲሶቹ ከባድ ጨዋታዎች 4 ጊጋባይቷ አይበቃም፤ የእኅቴ ልጅም ይህን አስቀድሞ አውቆ ነው የወሰዳት።