የእኅቴ የኬሚስትሪ መጽሐፍ

ከኬሚስትሪ ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተን ነበር። እሱ ወደ ላቦራቶሪው፣ እኔ ወደ ግጥሜ፤ ዳግመኛ እንገናኛለን ብዬ አላሰብኩም። ዘንድሮ ግን ታናሽ እኅቴ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ሆና መጣችና የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ከ30 9 አገኘች። ሁለት ቀን እራት አልበላም አለች፤ ጓዜን ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ ማለትም ጀመረች። ወሬው ቤት ደረሰ። አባታችን በግ ሸጦ ገንዘብ ላከና «መጽሐፍ አዋቂው አንተ አይደለህ እንዴ? ደኅና የኬሚስትሪ መጽሐፍ ምረጥላት» አለኝ። የበጉ ነገር ባይኖር እምቢ ባልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ወደሚሸጡት ሄድን። እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የመረጥኩት እንደ ግጥም መጽሐፍ ነው። ዓይኔ ያረፈው በላይነስ ፓውሊንግ «ጄኔራል ኬሚስትሪ» ላይ ነበር። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ሦስተኛ እትሙ በ1970 ነው። ደራሲው በ1954 የኬሚስትሪውን፣ በ1962 የሰላሙን የኖቤል ሽልማት የወሰደ ሰው ነው፤ አጻጻፉም ያምራል። አንድ አንቀጽ እያሞገስኩ አነበብኩላት። እኅቴ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጥቂት ገጽ ገለጠችና «ወንድም ጋሼ፣ ሰውየው ጎበዝ ነው፤ ፈተናው ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። ምን ይመለሳል!

ከዚያ በኋላ ብልሃቱን ያመጣችው እሷ ናት። የተሰናከለችው ሞል ላይ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የሞልን ምዕራፍ ብቻ እንክፈት፣ ሌላውን አንይ አለች። ሞል (ለኔም የገባኝ ያን ዕለት ነው) እንደ ደርዘን ያለ የቁጥር ስም ነው፤ ደርዘን 12 ነው፣ ሞል ግን 6.022 ሃያ ሦስት ጊዜ በ10 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። አንዱ ጠብደል መጽሐፍ ጥያቄውን ይጽፍና መልሱን ዱብ ያደርገዋል፤ በመካከል ያለው እርምጃ የት እንደገባ አይናገርም። ሌላው ሥዕሉ ብቻ የሠርግ ቤት ይመስላል። በመጨረሻ ሽፋኑ የተገነጠለ የእነብራውንና ለሜይ «ኬሚስትሪ፦ ዘ ሴንትራል ሳይንስ» አሮጌ እትም እጃችን ገባ። ይህኛው አንድ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ይሠራል፤ ወዲያው ያንኑ የሚመስል «እስቲ አንቺ ሞክሪው» ብሎ ይሰጣል፤ ለአንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ከኋላ መልስ አለው።

እኅቴ ምሳሌውን ካነበበች በኋላ ከራሷ አንድ ጥያቄ አወጣች። 10 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋር ቢቃጠል ስንት ግራም ውኃ ይወጣል? እኔ በችኮላ 42 አልኩ። እሷ ካርቶኑ ላይ ሠራችው፦ 32 ግራም ኦክሲጅን የሚፈልገው 4 ግራም ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ውኃው 36 ግራም ይሆናል፣ 6 ግራም ሃይድሮጅን ሥራ ፈቶ ይቀራል። «ዱቄቱ ቢበዛ እርሾው ካለቀ ምን ዋጋ አለው?» አለችና ሳቀች። ከፈተናው ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ግን አሮጌ ነው ብዬ ተሟገትኩ። በእርግጥም በሰንጠረዡ ላይ 112ኛው ንጥረ ነገር ገና ጊዜያዊ ስም ነው ያለው፤ ኮፐርኒሺየም የተባለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የሞልም ትርጓሜ በ2019 ተለውጧል፦ ቀድሞ በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ ባሉት አተሞች ልክ ይባል ነበር፣ ዛሬ ቁጥሩ ራሱ ተወስኗል። ነገር ግን ይህ ልዩነት ለፍሬሽማን ሒሳብ ከቁጥር አይገባም፤ ዋጋውም ከአዲሱ ሲሦ አይሞላ።

የዶርም ጓደኞቼ «ነጻው እያለ ምን ገንዘብ ታባክናለህ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ የኦፕንስታክስ «ኬሚስትሪ» ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ ሁለተኛ እትሙ የ2019 ነው፤ ስልኳ ላይ ጭነንላታል። ግን በአንድ እጅ እያሰሉ በሌላው ስልክ ላይ ወደፊት ወደኋላ ማለት፣ በዚያ ላይ መልእክት ቱር ቱር ሲል፣ እስቲ ሞክሩት!

የተረፈውን ገንዘብ ለአባታችን መለስን፤ «ግማሹ በግ ተመለሰ» ብሎ ሳቀ። አንድ ነገር ግን ሳናይ ገዝተናል፤ ከአሲድና ቤዝ ምዕራፍ ሦስት ቅጠል ጎድሏል። ያንን ክፍል ከነጻው መጽሐፍ በእጄ እየገለበጥኩላት ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 6 ሲወርድ አሲድነቱ ዐሥር እጥፍ እንደሚሆን ያወቅኩት ትናንት ማታ ነው፤ ግጥሜ ገና አልተነካም።