የመጸው እንግዶች

ክረምቱ አልፎ መጸው ሲገባ፥ የኢትዮጵያ ደጋ በአደይ አበባ ሲያጌጥ፥ ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል። ካርቱም ሲደርስም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሱዳኖች ያን ሥፍራ «ሙግረን» ይሉታል፤ መገናኛ ማለት ነው። ከመገናኛው በስተደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ «ሱኑት» የሚባል የግራር ደን ነበረ። ደኑ እ.ኤ.አ. በ1939 የወፎች መጠለያ ተብሎ ተከልሏል።

ዓባይ በሚሞላበት ወራት የነጭ ዓባይን ውኃ ወደ ኋላ ይገታዋል። የተገታው ውኃ ወደ ደኑ ይገባል፤ ዛፎቹም እግራቸው በውኃ ተውጦ ለሳምንታት ይቆማሉ። ሱኑት ግን እንዲህ ያለው ጎርፍ የማይገድለው የግራር ዓይነት ነው። ውኃው ሲሸሽ ኩሬ፥ ረግረግና ለም ደለል ትቶ ይሄዳል፤ በደለሉም ውስጥ ትላትልና ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ይህ ማዕድ የሚዘረጋው የአውሮፓና የእስያ ወፎች ብርድን ሸሽተው ወደ አፍሪካ በሚወርዱበት ጊዜ ነው።

ሳጃና ከደኑ በስተምሥራቅ የሚገኝ የካርቱም ሠፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ «የወኅኒ ጠባቂዎች» ማለት ሲሆን፥ ከጦርነቱ በፊት ይታወቅ የነበረው በቤት መሥሪያ ዕቃ ገበያው ነው። በዚያ ገበያ ሲሚንቶና ብረት በመሸከም የሚተዳደር አንድ የጣና ዳር ተወላጅ ነበረ። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን በመሆኑ፥ ሌሎች ሲተኙ እርሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ሱኑት በእግሩ ይሄድ ነበር። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ በሐይቁ ዳር ያያቸው የነበሩትን ወፎች እዚያ ያገኛቸዋልና።

በአንድ የመጸው ዓርብ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ የመንደሩን ልጅ አስከትሎ ሄደ። ልጁ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም ነበር።

«ጋሼ፥ ለወፍ ብለን ነው እንቅልፋችንን የምናጣው?» አለ ልጁ እያዛጋ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ወፍ የሚታየው ለተቀመጠ ሰው ነው» አለው።

ተቀመጡ። ፀሐይ ወጥታ አየሩ መሞቅ ሲጀምር ሽመላዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፥ ሳያርገበግቡ፥ በሞቃቱ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ወደ ሰማይ ወጡ። በኩሬው ላይ ዳክዬዎች ይዋኛሉ፤ ረጅም ቀይ እግር ያላቸው ወፎች በጥልቁ ውኃ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ከልጁ እግር አጠገብም ሆዷ ቢጫ የሆነ፥ ጅራቷን ዘወትር ከፍና ዝቅ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ወፍ አርፋ ነፍሳት ትለቅም ጀመር።

«ይህች ደግሞ ከየት መጣች?»

«ከፈረንጅ አገር። ባሕሩን ተሻግራ፥ የሰሐራን በረሃ አቋርጣ ነው የመጣችው።»

ልጁ ወፏን ትኩር ብሎ አያት። ክብደቷ 20 ግራም እንኳ አይሞላም።

«ማን ፈቀደላት?» አለ።

ሰውየው መልስ አልሰጠውም።

የሰው ልጅ የእነዚህን ወፎች መንገድ ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በጥንት ጊዜ በአውሮፓ አንዳንድ ወፎች ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ተቀብረው ያሳልፋሉ ብለው የሚያምኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን የአፍሪካ ጦር በአንገቱ እንደተሰካ ወደ ጀርመን የተመለሰ አንድ ሽመላ ተገኘ፤ ሽመላ አፍሪካ ደርሶ እንደሚመለስ ያ ጦር መሰከረ። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርቴንሰን የተባለ የዴንማርክ አስተማሪ ቁጥር የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም ቀለበቶች ሠርቶ በወፎች እግር ላይ አሰረ። የወፎችን ጉዞ በቀለበት መከታተል ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተስፋፋ። በዚህም አንዲት ወፍ የብዙ አገር ነዋሪ መሆኗ ታወቀ። በአንድ አገር ትፈለፈላለች፤ በሌላው ታርፋለች፤ በሦስተኛው ትከርማለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋባት የሁለቱ ደኅንነት ብቻውን አያድናትም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ነዋሪው ተበተነ፤ ጋዝና ኤሌክትሪክ ጠፋ። በጦርነቱ ዓመታት የሱኑት ዛፎች በብዛት እየተቆረጡ ማገዶና ከሰል ሆኑ፤ ደን በነበረው ሥፍራም ጉቶ ብቻ ቀረ። መጥረቢያ ያነሣው ሁሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለልጆቹ እሳት ማንደድ የተሳነው አባትም በመካከሉ ነበረበት። ወፏ ግን ዛፉ ለምን እንደ ተቆረጠ አታውቅም፤ የምታውቀው ማረፊያዋን ብቻ ነው።

ሰውየውና ልጁም እንደ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሕይወት ክልልነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱም ዳርቻ ከሥጋት ነፃ አይደለም፤ እምቦጭ ውኃውን ይሸፍናል፤ ደንገሉም ይመነጠራል። ሰውየው ከካርቱም ከተመለሰ ወዲህ በማሳው ጫፍ ያለውን ረግረግ አላረሰውም። ጎረቤቶቹ «መሬት ታባክናለህ» ሲሉት፥ «የእንግዳ መደብ ነው» ይላቸዋል።

በመስከረም መጨረሻ፥ አንድ ማለዳ፥ ሁለቱ በረግረጉ ዳር ቆመው ሳሉ ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ መጥታ አረፈች። ጅራቷንም ከፍ ዝቅ ታደርግ ጀመር።

«ጋሼ፥ ሱኑት ከተቆረጠ ዘንድሮ የት አርፋ መጣች?» አለ ልጁ።

«እንጃ፥ ልጄ» አለ ሰውየው። «እዚህ ግን ማረፊያ አላት።»

እንዳትደነግጥባቸውም ድምፃቸውን አጥፍተው ቀስ ብለው ተቀመጡ።